የጋራ ጣሳ፦ ባንኮክ ላይ ያ ሁሉ አገር ተሰብስቦ ምን ይሠራል?

ስሙኝማ ወዳጆቼ፣ ገባኝ! ለስንት ዓመት ጭጋግ ሆኖብኝ የኖረ ነገር ሰሞኑን ወለል ብሎ ታየኝ። ለእናንተ ሳልነግር መተኛት አቃተኝ። ቡናው እስኪፈላ ጆሯችሁን ስጡኝ፤ ከሥሩ ጀምሬ ቀስ ብዬ ልንገራችሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከስታዲየም ወደ ካዛንቺስ በታክሲ ስናልፍ ሁላችንም ኢሲኤን፣ የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽንን፣ እናያለን። የአፍሪካ አዳራሽ ያለበትን ያንን ግቢ ማለቴ ነው። ትልቅ ስብሰባ ሲኖር መንገድ ይዘጋል፣ አጀብ ያልፋል፣ ማታ በዜና የስብሰባው መጠናቀቅ ይነገራል። እኔን ከልጅነቴ ጀምሮ የሚከነክነኝ አንድ ጥያቄ ነበር፦ እዚያ ገብተው ምንድን ነው የሚሠሩት? ድልድይ አይሠሩ፣ እህል አያመርቱ። ተነጋግረው ሲወጡ ምን ተለወጠ?

መልሱን ያገኘሁት ሩቅ ቦታ ነው፤ ታይላንድ፣ ባንኮክ። ለካ ኢሲኤያችን ታላቅ እህት አላት!

የተባበሩት መንግሥታት ዓለምን በአምስት ሰፈር ከፍሎ ለየሰፈሩ አንዳንድ የኢኮኖሚ ኮሚሽን አቋቁሟል። የአውሮፓው ጄኔቫ ነው፤ የላቲን አሜሪካውና የካሪቢያኑ ሳንቲያጎ፤ የአፍሪካው እዚሁ አዲስ አበባ፤ የምዕራብ እስያው ቤይሩት፤ የእስያና የፓስፊኩ ደግሞ ባንኮክ። የእኛው የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1958 ነው። የእስያው በ1947። የአሥራ አንድ ዓመት ታላቅ ናት ማለት ነው። ሰዎቹ በአጭሩ ኤስካፕ ይሏታል።

መጀመሪያ የተሰበሰበችው ጁን 1947 ሻንጋይ ላይ ነው። አባላቷ ስንት ቢሆኑ ጥሩ ነው? አሥር ብቻ! ከአሥሩ የእስያ አገሮች ደግሞ አራት ናቸው፦ ቻይና፣ ሕንድ፣ ፊሊፒንስና ያኔ ሲያም ትባል የነበረችው ታይላንድ። የቀሩት አሜሪካ፣ ብሪታንያ፣ ፈረንሳይ፣ ኔዘርላንድስ፣ ሶቪየት ኅብረትና አውስትራሊያ ናቸው። ሕንድ እዚያ ስትቀመጥ ነፃነቷን ገና አልተቀበለችም፤ ሁለት ወር ይቀራታል። ያም ሆኖ የመጀመሪያው ዋና ጸሐፊ ፒ. ኤስ. ሎካናታን የሚባሉ ሕንዳዊ ሆኑ።

ዛሬ አባላቱ 53 ናቸው፤ ዘጠኝ ተባባሪ አባላትም አሉ። ሰፈሩ ከምዕራብ ቱርክ ይጀምርና በምሥራቅ ፓስፊክ ውቅያኖስ መሐል ያለችው ኪሪባቲ ድረስ ይዘልቃል፤ ከሰሜን ሩሲያ፣ ከደቡብ ኒውዚላንድ። ከዓለም ሕዝብ ግማሽ በላይ የሚኖረው እዚህ ሰፈር ውስጥ ነው። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ ብዙ ዘመዶቻችን የሚኖሩባቸው ሳዑዲና ኤምሬትስ በካርታ እስያ ቢሆኑም እዚህ ሰፈር የሉም፤ የቤይሩቱ እድርተኞች ናቸው። እስራኤል ደግሞ የጄኔቫው። እኔ ይህን ሳውቅ ካርታውን እንደገና ዘርግቼ አየሁት።

ጥንስስ፣ ድፍድፍ፣ ጠላ

እሺ፣ ስብሰባው እንዴት ነው የሚካሄደው? እኔ የሚመስለኝ ሰዎቹ በአውሮፕላን መጥተው፣ ተናግረው፣ ተጨብጭቦላቸው የሚመለሱ ነበር። ይህ ግን ጠላው ሲቀዳ ብቻ ደርሶ ጠላ በአንድ ቀን ይሠራል እንደማለት ነው። ጥንስሱን ማን አየው?

መጀመሪያ ጥንስሱ። በኤስካፕ ሥር ዘጠኝ ኮሚቴዎች አሉ፦ የትራንስፖርት፣ የንግድ፣ የስታቲስቲክስ፣ የኃይል፣ የአደጋ ቅነሳ፣ የማኅበራዊ ልማት እያለ ይቀጥላል። እያንዳንዱ ኮሚቴ በሁለት ዓመት አንዴ ይሰበሰባል። እዚያ የሚመጡት ካሜራ የሚከተላቸው ሰዎች አይደሉም፤ የመንገድ መሐንዲሶች፣ የሕዝብ ቆጠራ ባለሙያዎች፣ የጉምሩክ ሰዎች ናቸው። ጌሾውን የሚወቅጡት እነሱ ናቸው።

ቀጥሎ ድፍድፉ። የየአገሩ አምባሳደሮችና ተጠሪዎች ባንኮክ ውስጥ ዓመቱን ሙሉ እየተገናኙ አጀንዳውን ያዘጋጃሉ፣ ረቂቁን ያያሉ። በዓመቱ መጀመሪያ ወራት ደግሞ ዘላቂ ልማትን ብቻ የሚመለከት የአካባቢው መድረክ ይካሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2030 እንደርስበታለን ካሉት ግብ ምን ያህል እንደቀራቸው እዚያ ላይ ቁጭ ብለው ይቆጥራሉ።

በመጨረሻ ጠላው ይቀዳል። ይኼ ዋናው ዓመታዊ ጉባኤ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ኤፕሪል ወይም ሜይ ላይ፣ ራጃዳምነን ኖክ በሚባለው ሰፊ ጎዳና ባለው የጉባኤ ማዕከል ይካሄዳል። መጀመሪያ ከፍተኛ ባለሙያዎች ይቀመጣሉ፣ ከዚያ ሚኒስትሮች ይመጣሉ። እኛ በዜና የምናየው ይህችን የመጨረሻዋን ብርጭቆ ነው።

ቅንፉ ሲነሣ

አሁን ወደምወደው ቦታ ደረስን። ጠጋ በሉ።

የስብሰባው ፍሬ ወረቀት ነው፤ የውሳኔ ሐሳብ ይባላል። አንድ አገር ወይም ጥቂት አገሮች ያረቁታል፣ ከዚያ ሁሉም እየተቀመጠ ቃል በቃል ያየዋል። በልማድ ድምፅ አይቆጠርም፤ ሁሉም እሺ እስኪል ይጠበቃል። ልክ የሠፈር ሽማግሌዎች እንደሚያደርጉት! ሽማግሌ ስምንት ለሰባት ብሎ አያስታርቅም፤ የተኮራረፈው እስኪለሳለስ ይቀመጣል እንጂ።

ታዲያ የማይስማሙበት ቃል ሲመጣ ምን ያደርጋሉ? ቅንፍ ውስጥ ያስገቡታል! ለምሳሌ እንዲህ እንበል፦ አባል አገሮች የመንገዳቸውን ደረጃ ለማሻሻል [ይጥራሉ] [ግዴታ ይገባሉ]። አንዱ አገር የመጀመሪያውን ይፈልጋል፣ ሌላው ሁለተኛውን። ሁለቱም ቅንፍ ውስጥ ገብተው ይቀመጡና ወደሚቀጥለው ዓረፍተ ነገር ይታለፋል። በኋላ ይመለሱበታል፤ ቡና ይጠጣሉ፣ ኮሪደር ላይ ይንሾካሾካሉ፣ ወደ አገራቸው ይደውላሉ። ከዚያ አንዱ ሦስተኛ ቃል ያመጣል፣ የሚቃወም ይጠፋል፣ ቅንፉ ይነሣል። የመጨረሻው ቅንፍ ሲነሣ ወረቀቱ አለቀ። ይኸው ነው! ያ ሁሉ ሌሊት የሚታደርለት ይህችን ምልክት ለማንሣት ነው።

ሌላም አለ። የእያንዳንዱን አንቀጽ የመጀመሪያ ግሥ እዩ። "ይገነዘባል" ካለ፣ ሰምተናል ማለት ነው። "በደስታ ይቀበላል" ካለ፣ ወደነዋል ግን ከእኛ ኪስ ምንም አልወጣም። "ዋና ጸሐፊዋ እንዲህ እንዲያደርጉ ይጠይቃል" ካለ ግን ተጠንቀቁ! አንድ ቢሮ ውስጥ ያለ ሰው ሥራ ተሰጠው፣ ሪፖርትም ይጠበቅበታል። ሥራው የተንጠለጠለው በግሡ ላይ ነው። ይህን ካወቅሁ ወዲህ ውሳኔ ሳነብ እንደ ድሮው አላዛጋም፤ ግሡን እያደንኩ ነው የማነበው።

በራልኝ

ይህን ሁሉ ካወቅሁ በኋላም ግን ዋናው ጥያቄ አልለቀቀኝም ነበር። ወረቀቱ ጸደቀ እንበል። ኤስካፕ ፖሊስ የላት፣ ጦር የላት፣ የሚያስር ዳኛ የላት። አንድ አገር አልፈጽምም ቢል ማን ያስገድደዋል? ማንም! ታዲያ ለምን ይደክማሉ?

ይህን እያሰብኩ ገበያ ወጣሁ። ሽንብራ የምትሸጥ ሴት ነበረች፤ ጣሳዋ ሥሩ ወደ ውስጥ ገብቷል። የአጠገቧ ሻጭ ጣሳ ደህና ነው፤ ዋጋዋ ግን ከፍ ይላል። የትኛዋ ናት የምታረክሰው? አልታወቀኝም። ዋጋ ለማወዳደር መጀመሪያ ጣሳው አንድ መሆን ነበረበት። እዚያው ቆሜ በራልኝ!

ጎረቤታሞች ሊገበያዩ ሲፈልጉ መጀመሪያ የሚያስፈልጋቸው የጋራ ልክ ነው። የጋራ ልክ ደግሞ ማንም ብቻውን ሊያወጣው አይችልም። አንዱ ተነሥቶ "የእኔ ጣሳ ነው ልኩ" ቢል ሌላው "ምን ሲደረግ!" ይላል። ተቀምጦ መስማማት ብቻ ነው መንገዱ። አንዴ ከተስማሙ ግን ፖሊስ አያሻም፤ ከልኩ የወጣው ራሱ ገበያ ያጣል። ስብሰባው ለካ ጣሳ የሚሠራበት ቦታ ነው!

ይህን ቁልፍ ይዤ ወደ ወረቀቶቹ ስመለስ ሁሉም በር ተከፈተ። ልክ ልኩን ላሳያችሁ።

ጋትና ስንዝር

በባቡር ልጀምር። የሁለቱ ሐዲዶች ርቀት በየአገሩ ይለያያል። ቻይና 1,435 ሚሊ ሜትር ነው። ጎረቤቷ ሞንጎሊያ 1,520። ልዩነቱ 85 ሚሊ ሜትር፤ ማለት አንድ ጋት! እጃችሁን ዘርጉና መዳፋችሁን እዩት። በዚህች መዳፍ ምክንያት ከቻይና የመጣ ባቡር ሞንጎሊያ መግባት አይችልም። ድንበሩ ላይ መንገደኛ የጫነው ፉርጎ ከነሰዉ ወደ ላይ ይነሣል፣ ጎማዎቹ የተገጠሙበት የብረት እግር ከሥሩ ይወጣል፣ ሰፋ ያለው ይገባለታል። ጫማ ቀይሮ ድንበር እንደመሻገር ነው! ሰዓታት ይፈጃል።

ሕንድና ፓኪስታን ደግሞ 1,676። ታይላንድ 1,000። ቆይ፣ 1,000 የት ነው የማውቀው? የእኛው የለገሃር ባቡር! ከጅቡቲ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው አሮጌው ሐዲዳችን ስፋቱ ልክ 1,000 ሚሊ ሜትር ነበር፤ ከባንኮኩ ጋር እኩል። አዲሱ የጅቡቲ መስመር 1,435 ነው፤ ከቻይናው ጋር እኩል። አሮጌው ፉርጎ በአዲሱ ሐዲድ ላይ የማይሄደው ለዚህ ነው። እኛ በሁለት ዘመን መካከል ያየነውን ለውጥ እስያ በየድንበሩ ታየዋለች።

እ.ኤ.አ. በ2006 ደቡብ ኮሪያ ቡሳን ከተማ ላይ የተፈረመው የእስያ አቋራጭ ባቡር ስምምነት ሐዲዱን ሁሉ ነቅላችሁ አንድ አድርጉ አላለም። ያማ አይቻልም። የትኛው መስመር ከየትኛው ይገናኛል፣ ስፋቱ የሚቀየርባቸው ጣቢያዎች የትኞቹ ናቸው፣ እዚያ ላይ ጭነቱ ሳይጉላላ እንዴት ይተላለፋል የሚለውን ነው የተስማሙበት። ኮንቴይነር እንደሆነ ዓለም ሁሉ በአንድ ልክ ነው የሚሠራው። ሐዲዱ ይለያይ፤ ሳጥኑ አንድ ይሁን፣ የሚነሣበትም ቦታ ይታወቅ!

ይህ በተግባር ምን ይመስላል? ላኦስን ተመልከቱ። ላኦስ እንደ እኛ ባሕር የላትም። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 2021 ከቻይና እስከ ዋና ከተማዋ ቪየንቲያን የሚደርስ 1,435 ሚሊ ሜትር ባቡር ተከፈተ። ከታይላንድ የሚመጣው ደግሞ 1,000 ነው። ልዩነቱ ሁለት ስንዝር ያህል። ሁለቱ የሚገናኙት ከተማዋ አጠገብ ታናሌንግ የሚባል ቦታ ነው፤ እዚያ ምን እንዳለ ገምቱ። ደረቅ ወደብ! ልክ እንደ ሞጆ። ክሬኑ ኮንቴይነሩን ከሰፊው ሐዲድ ባቡር ላይ ያነሣና በጠባቡ ላይ ያስቀምጠዋል፤ ከዚያ ወደ ባሕር ይወርዳል። ስለ ደረቅ ወደብም ራሱን የቻለ ስምምነት አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ባንኮክ ላይ ተፈርሞ በ2016 ሥራ ላይ ዋለ። በዚያ ሰፈር ባሕር የሌላቸው 12 ታዳጊ አገሮች አሉ። ለእነሱ ይህ ወረቀት ወረቀት አይደለም፤ በር ነው።

ቁጥሩ የሚናገረው

መንገዱ ደግሞ ከዚህም ይጣፍጣል። የእስያ አውራ ጎዳና የሚባል መረብ አለ፤ 32 አገሮችን የሚያገናኝ፣ ከ140,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ። ሐሳቡ የተነሣው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው። ጦርነት መጣ፣ ገንዘብ ጠፋ፣ ነገሩ ተዳፈነ። በ1992 እንደገና ተቆሰቆሰ። በመጨረሻ ኤፕሪል 2004 ላይ ሚኒስትሮች ስምምነቱን ፈረሙ። የት? ሻንጋይ! ያ በ1947 አሥር አገሮች መጀመሪያ የተቀመጡበት ከተማ። ከሐሳብ እስከ ፊርማ 45 ዓመት። መንገዱን ያለሙት ብዙዎቹ ፊርማውን አላዩም፤ ወረቀቱን ግን ሌላው ከሌላው እየተቀበለ አቆየው።

ልኩ ምንድን ነው? ሁለት ነገር። አንደኛው ደረጃ፦ መንገዶቹ በአራት ደረጃ ተከፍለዋል። ዝቅተኛው እንኳ ሁለት መኪና የሚያስተላልፍና ሬንጅ የለበሰ መሆን አለበት። ስለዚህ የጭነት መኪና ሾፌር ካርታው ላይ ደረጃውን አይቶ ተሳቢዬ ያልፋል ወይስ አያልፍም የሚለውን ሳይሄድ ያውቃል።

ሁለተኛው ቁጥር ነው። ምልክቱ ኤኤች ይላል፣ ከጎኑ ቁጥር አለ። የየአገሩ ፊደል ምንም ይሁን ምን ይህች ምልክት በሁሉም አገር በአንድ ዓይነት ፊደልና አኃዝ ትጻፋለች። ቁጥሩ ደግሞ ይናገራል! ባለ አንድ አኃዝ ከሆነ ብዙ ቀጣና የሚያቋርጥ ረጅም መንገድ ነው። ከ10 እስከ 29 ከሆነ ደቡብ ምሥራቅ እስያ ውስጥ ናችሁ። ከ30 እስከ 39 ምሥራቅና ሰሜን ምሥራቅ። ከ40 እስከ 59 ደቡብ እስያ። ከ60 እስከ 89 ሰሜን፣ መካከለኛና ደቡብ ምዕራብ። ቋንቋውን የማያውቅ ሾፌር በቁጥሯ ብቻ የት እንዳለ ያውቃል!

የሁሉም አውራ ኤኤች 1 ነው። ከቶኪዮ ይነሣል፣ በጀልባ ወደ ቡሳን ይሻገራል፣ በሁለቱ ኮሪያዎች፣ በቻይና፣ በቬትናም፣ በታይላንድ፣ በሕንድ፣ በፓኪስታን፣ በአፍጋኒስታን፣ በኢራን አድርጎ ቱርክና ቡልጋሪያ ድንበር ላይ ያበቃል። ከ20,000 ኪሎ ሜትር በላይ! ዛሬ አንድ ሾፌር ከጫፍ ጫፍ መንዳት አይችልም፤ በሁለቱ ኮሪያዎች መካከል መንገዱ ተዘግቷል። ነገር ግን በደቡብ ኮሪያ ሴኡልን ከቡሳን በሚያገናኘው ፈጣን መንገድ ላይ ኤኤች 1 የሚል ሰሌዳ ቆሟል፤ ጃፓን፣ ኮሪያ፣ ቻይና፣ ሕንድ፣ ቱርክ ይላል። ሰዎች ወደ ሥራ ሲሄዱ በዚያ ሥር ያልፋሉ። ድንበሩ የተከፈተ ዕለት መንገዱ ቁጥሩን ይዞ ይጠብቃል። ይህን ሳነብ እንባ መጣብኝ።

አውሎ ነፋስም ልክ አለው

ስለ ኮሪያዎች ካነሣን ይህንንም ስሙ። በዚያ ሰፈር ባሕሮች ላይ ታይፉን የሚባል ብርቱ አውሎ ነፋስ ይነሣል። እ.ኤ.አ. በ1968 ይቺው ኮሚሽን ከዓለም ሜትሮሎጂ ድርጅት ጋር ሆና የታይፉን ኮሚቴ አቋቋመች። ነፋስ ፓስፖርት አያሳይም፤ ዛሬ ፊሊፒንስ ያለው ነገ ቬትናም ይደርሳል። ሁለት አገር አንዱን ነፋስ በሁለት ስም ከጠራው፣ ዓሣ አጥማጁ ሁለት ነፋስ የመጣ ይመስለዋል፤ ወይም ያኛው አልፏል ብሎ ጀልባውን ያወጣል።

ስለዚህ ከ2000 ጀምሮ 14 አባላት አሥር አሥር ስም አዋጡ፤ 140 ስም። ልክ እንደ እቁብ በተራ ይወጣል! በስም ዝርዝሩ የመጀመሪያዋ ካምቦዲያ ናት፤ የመጀመሪያ ስሟ ዳምሪ፣ ትርጉሙ ዝሆን። ዓመት ሲለወጥ አይቋረጥም፤ ካቆመበት ይቀጥላል። ሰሜን ኮሪያም ደቡብ ኮሪያም አሥር አሥር ስም ሰጥተዋል። መንገዳቸው የተዘጋ፣ በአንድ ዝርዝር ላይ ግን የተደረደሩ!

አንድ ነፋስ ብዙ ሰው ከገደለ ደግሞ ኮሚቴው በዓመታዊ ስብሰባው ስሙን ያነሣዋል፤ ሁለተኛ አይጠሩበትም። በ2013 ፊሊፒንስን የመታው ሃይያን ከ6,000 በላይ ሰው ገደለ። ስሙን ያዋጣችው ቻይና ነበረች፤ ከዝርዝሩ ተነሣና በምትኩ ባይሉ፣ ማለት ነጭ አጋዘን፣ ገባ። እስቲ አስቡት፦ የስብሰባ አጀንዳ ላይ ሐዘንም ተራ ይዞ ይቀመጣል።

ያልተቆጠረ ልጅ

የመጨረሻው ምሳሌ ከሁሉም ወደ ቤት የቀረበ ነው። እኛ አገር ወሳኝ ኩነት የምንለውን ታውቃላችሁ፤ ልደት፣ ሞት፣ ጋብቻ፣ ፍቺ። አንድ ልጅ ልደቱ ካልተመዘገበ ክትባቱም፣ ትምህርት ቤቱም፣ በኋላም ፓስፖርቱ ይከብዳል። መንግሥትም ስንት ክፍል፣ ስንት ወንበር እንደሚያስፈልግ አያውቅም።

ኖቬምበር 2014 የእስያና የፓስፊክ ሚኒስትሮች ባንኮክ ተቀምጠው ከ2015 እስከ 2024 ያለውን አሥር ዓመት ለዚህ ሥራ ሰጡ። ብልሃቱን እዩ! ሁሉም አገር ይህን ያህል መቶኛ ይድረስ አላሉም። ኔፓልና ጃፓን በአንድ ቀን አይደርሱማ። የተስማሙት ምን እንደሚቆጠር ነው፤ ለምሳሌ በተወለደ በአንድ ዓመት ውስጥ የተመዘገበ ልጅ። ቁጥሩን ግን እያንዳንዱ አገር ለራሱ አወጣ። ጣሳው የጋራ፣ ጎተራው የየራስ!

ውጤቱስ? በአካባቢው ያልተመዘገቡ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት በ2012 ግድም 135 ሚሊዮን ነበሩ። አሥርቱ ሲያልቅ ወደ 51 ሚሊዮን ወረዱ። እርግጥ ነው፣ መዝጋቢዎቹ የየአገሩ ሠራተኞች ናቸው እንጂ ኮሚሽኗ አይደለችም። ጣሳው ግን ባይኖር ኖሮ ማን ምን ያህል እንደጎደለው በምን ይታወቅ ነበር? በ2025 ሚኒስትሮቹ እንደገና ተሰብስበው ሥራውን እስከ 2030 አራዘሙት። 51 ሚሊዮን ልጅ ገና ስሙ አልተጻፈምና።

ለመጪዎቹ ስብሰባዎች ዓይናችሁን ክፈቱ

እንግዲህ ከአሁን እስከ 2030 ባንኮክ ላይ ገና ብዙ ወንበር ይሳባል። ምን ይነሣል? እርጅና አንዱ ነው፤ በ2050 በዚያ ሰፈር ከአራት ሰው አንዱ 60 ዓመት ያለፈው ይሆናል። ጡረታውን፣ የሚጦረውን ማን ያስባል? ወረቀት አልባ ንግድም አለ፤ ከ2021 ጀምሮ የሚሠራ ስምምነት አላቸው፤ የአንዱ ጉምሩክ ኮምፒውተር የላከውን ሰነድ የሌላው እንዲያነበው፣ ትራንዚተሩ ክምር ወረቀት ተሸክሞ እንዳይሮጥ። የ2030ው ግብ ደግሞ ከሁሉም በላይ ነው። ኤስካፕ በ2024 ባወጣችው ዘገባ፣ በያኔው አካሄድ ግቡ ከ2062 በፊት እንደማይደረስ አስልታለች። ደስ አይልም፤ ግን አስቡት፣ 32 ዓመት መዘግየቱንም ያወቁት የጋራ ጣሳ ስላላቸው ነው።

ስለዚህ ቀጣዩ የስብሰባ ዜና ሲመጣ ጣቢያ አትቀይሩ። ሦስት ነገር ጠይቁ። ቅንፍ ውስጥ የቀረው የትኛው ቃል ነው? ውሳኔው የሚጀምረው በየትኛው ግሥ ነው? ደግሞስ የተስማሙት በምን ልክ ላይ ነው? ለኢሲኤም ይሠራል፤ ሞክሩት። እኔ በዚያ በር በታክሲ ባለፍኩ ቁጥር አሁን የምጠይቀው እነዚህን ሦስት ነው።

ቡናው ፈልቷል። ከመቀዳቱ በፊት ግን አንድ ፈተና። አንድ ሾፌር መንገድ ጠፍቶበታል። የሚያየውን ፊደል ማንበብ አይችልም። ሰሌዳው ላይ ኤኤች 44 የሚል ምልክት አየ። የት ነው ያለው?

አዎ! ደቡብ እስያ ነው፤ ስሪላንካ። አያችሁ? ባንኮክ ሄዳችሁ አታውቁም፤ መንገዱን ግን አነበባችሁት።